ዳለቲና የጥይት ሳጥኑ

ባለፈው ሳምንት ሐዋሳ፣ እኛ ሰፈር፣ ጠፍቶ የዋለው መብራት ድንገት ቦግ ብሎ ሲመጣ የጎረቤቴ ቴሌቪዥን ጭስ አወጣ። እሪ ስትል ሮጬ ገባሁና በሩ ላይ ቆሜ ያንን ሽታ፣ የነደደ ሽቦ ከጋለ አቧራ ጋር ሲቀላቀል የሚያወጣውን ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ፣ በረጅሙ ሳብኩት፤ ሳብኩትና፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ፈገግ አልኩ። ጎረቤቴ አይታኛለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታዋ ቀዝቅዟል፤ እውነቷን ነው፣ የሰው ንብረት ሲቃጠል ጥርሷን የምታሳይ ሴት ማን ይወዳል? ያ ሽታ ለእኔ የእሷ ቴሌቪዥን ሽታ እንዳልሆነ፣ ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ነጌሌ ቦረና ላይ በአንድ ቀትር የሸተተኝ፣ በብልቃጥ ቢሸጥ ገዝቼ የማስቀምጠው የበቀል ሽታ እንደሆነ እንዴት አድርጌ ላስረዳት?

ነገሩን የባሰ የቀሰቀሰው ደግሞ ልጄ ሐናን ናት። ፈተናሽን በደንብ ካለፍሽ የጌም ኮምፒውተር አሠራልሻለሁ ብዬ ሳላስበው አፌን ከፍቼ ነበርና፣ አልፋ መጥታ ፊቴ ቁጭ አለች። አሁን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ጨርቅ ወደምሸጥበት ሱቄ ትመጣና በስልኳ የጻፈችውን የዕቃ ዝርዝር ታሳየኛለች፤ ይሄ ግራፊክስ ካርድ፣ ይሄ ፕሮሰሰር፣ ይሄ ደግሞ ሦስት ፋን ያለው፣ ፋኑም እንደ ሠርግ ቤት ቀይና ሰማያዊ የሚበራ ኬዝ። የመደብኩላት ብር ከላይ ከላይ ሲበላ ይወርድና በመጨረሻ በተረፈችው ፍርፋሪ የመጨረሻውን ርካሽ ፓወር ሰፕላይ፣ መብራቱን ተቀብሎ ለሌላው የሚያከፋፍለውን ዕቃ፣ ትጨምርበታለች። «እሱን ነው መጀመሪያ የምትመርጪው፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል» አልኳት። ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «እማ ደግሞ፣ ይሄን ማን ነገረሽ?» አለች። ማን እንደነገረኝ፣ ምን ሰጥቼ እንደተማርኩት ለእሷ አልነገርኳትም። እዚህ ግን ልናገረው።

የነጌሌ አቧራ ቀይ ነው፤ ነጭ ለብሶ ከቤቱ የወጣ ሰው ገበያ ሲደርስ ቡኒ ለብሶ የሚገኝበት፣ ከሊበን፣ ከከብት አርቢዎቹ ቆላ፣ የጭነት መኪና በገባ ቁጥር የሱቁ ስኳር ላይ ሳይቀር ስስ ሽፋን የሚያነጥፍ አቧራ። አባቴ ሸምሱ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ ወጥቶ፣ መጀመሪያ ዕቃ በትከሻው ተሸክሞ እየዞረ፣ በኋላ ገበያው አፍ ላይ ሱቅ ከፍቶ የኖረ ነጋዴ ነበር፤ ጨው፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ገመድ፣ ባትሪና የላስቲክ ጫማ ይሸጣል። በገበያ ቀን ሁሉ የጨው ጆንያው ላይ፣ የራሳቸው ወንበር ይመስል፣ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ አባ ጃርሶ ይባላሉ፣ የሊበን ቦረና፣ ከብታቸው ብዙ፣ ንግግራቸው ጥቂት። «አካም፣ ናጋ?» ብለው ይገባሉ፤ የከብቱን፣ የልጆቹን፣ የዝናቡን ሰላም ከአባቴ ጋር አንድ በአንድ ከተጠያየቁ በኋላ ዝም ይላሉ፤ ሁለቱ ቃል ሳይለዋወጡ ግማሽ ቀን አብረው ሲውሉ ያየ ሰው የተኳረፉ ይመስለው ነበር። በአንድ የድርቅ ዓመት አባ ጃርሶ ልጆቻቸውን እኛ ቤት ጥለው ከብቱን ተከትለው ርቀው እንደሄዱ፣ ሲመለሱም ልጆቹን ወፍረው እንዳገኟቸው እናቴ ትነግረኝ ነበር።

እኔ ስወለድ ታዲያ አባ ጃርሶ አንዲት ጊደር ሰጡኝ። ቦረና ልጅ ሲወለድለት፣ እትብቱ በተቆረጠ ሰሞን፣ በልጁ ስም ጊደር ይሰጣል፤ ሃንዱራ ይሉታል፣ እምብርት ማለት ነው። ጊደሯ ከመንጋው ጋር ታድጋለች፣ ትወልዳለች፣ ወተቷን የሚጠብቃት ይጠጣል፣ እሷ ግን የልጁ ናት። ወንድ ወንዱ ይሸጣል፣ ይታረዳል፤ እናቲቱን መሸጥ ግን የራስን እምብርት ገበያ እንደ ማውጣት ነው። ለባዳ ነጋዴ ልጅ፣ ለዚያውም ለሴት ልጅ፣ ሃንዱራ መሰጠቱ ብዙ ሰው ያስገረመ ነገር ነበር አሉ። የመጀመሪያዋ ጊደሬ አርጅታ በድርቅ ሞተች፤ ከእሷ ዘር የቀረችልኝ ሴት ልጇ ዳለቲ ናት፤ ግራጫ ስለሆነች ነው ዳለቲ የተባለችው። አባቴ በዓመት አንዴ በጭነት መኪና ይዞኝ ሊበን ሲወርድ አያታለሁ፤ በዚያ ሻካራ ምላሷ እጄን ስትልሰኝ ሳቄን መቆጣጠር ያቅተኝ ነበር።

አሁን ወደ ጠላቴ ልምጣ። ነጌሌ ላይ የጌም ቤት የከፈተው አስቻለው የሚባል ጎረምሳ ነው፤ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ የቆዳ ጃኬትና አንድ ጆንያ ሙሉ ጉራ ይዞ የተመለሰ። በዚያ ሙቀት ጃኬቱን አያወልቅም፤ ላቡ በጀርባው ሲንቆረቆር «አዲሳባ እንዲህ ነው የሚለበሰው» ይላል። ከመናኸሪያው ጎን፣ ከአባቴ ሱቅ ጥቂት በሮች አልፎ፣ አንድ ክፍል ተከራይቶ ሦስቱን ማሽኖች ሲደረድራቸው የከተማው ልጅ በሙሉ አበደ። ሕጉ አንድ ነበር፤ ያሸነፈ ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ይነሳል። እኔ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ፤ አባቴ ባትሪ አድርሺ ብሎ ልኮኝ ገባሁና እዚያው ቀረሁ። መጀመሪያ ወር ሙሉ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ተቀመጥኩ፣ ከተቀመጥኩ በኋላ ደግሞ የሚያስነሳኝ ጠፋ፤ የኳስ ጌም ላይ እጄ እንደ ልብስ ሰፊ እጅ ፈጣን ነበረ፣ ወላሂ አልዋሽም።

አንድ ቅዳሜ ሰባት ወንድ በተከታታይ አስነሳሁ። ስምንተኛው አስቻለው ራሱ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ማንም አሸንፎት አያውቅም ተብሎ የሚወራለት፣ በራሱ ማሽን የሚሠለጥን ሰው። አራት ለአንድ። ልጆቹ ጣሪያው እስኪናጋ ሲጮኹ አስቻለው ጎንበስ አለና ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለው፤ ስክሪኑ ጨለመ። «ሂጂ፣ ቤትሽ ገብተሽ ሽንኩርት ላጪ፤ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ሴት አይገባም» አለኝ። ይሄን እንኳ በቻልኩት ነበር። ግን አልበቃውም፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ በማግስቱ አባቴ ሱቅ መጣ፣ ደንበኛ ሞልቶ፣ እኔ ከመደርደሪያው ኋላ ሻይ ቅጠል ስቋጥር። አንቱ ሊባል የሚገባውን፣ በዕድሜ አባቱን የሚያክለውን ሰው «ስማ ሸምሱ፣ ልጅህን ሰብስብ፤ ወንድ መሃል ስትጋፋ ነው የምትውለው። ነገ ሌላ ነገር ይዛ ብትመጣ እንዳትወቅሰኝ» አለው። አባቴ ሚዛኑን እንደያዘ አንገቱን ደፋ፤ «እሺ» አለ፣ የሴትየዋን ስኳር መዝኖ ጨረሰ። በትር አላነሳብኝም፣ ቃልም አልተናገረኝም፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ያ የተደፋ አንገት ምግብ ስበላ ይታየኛል፣ ስሰግድ ይታየኛል፣ ቆሽቴ አረረ። የዚህን ሰውዬ አንገት በሰው ፊት ካላስደፋሁ ዘይነባ አልባልም ብዬ ማልኩ።

እንዴት? በጌም የገባብኝ በጌም ይወጣል። ከእሱ ማሽን የሚበልጥ ማሽን አቁሜ፣ ደንበኛውን በሙሉ ወስጄ፣ በመጨረሻ እሱን ራሱን በር ላይ አስቆመዋለሁ። የማሽኖቹን ጉድ አውቀዋለሁ፤ ለሙቀቱ ብሎ ክዳናቸውን ከፍቶ ስለሚያስቀምጣቸው ወር ሙሉ ቆሜ ሳይ ሆድ ዕቃቸውን በቃሌ ይዣለሁ፣ ያላየሁትንም በመስኮቱ እያለፍኩ ጨረስኩት። ግራፊክስ ካርድ የሚባል ነገር የላቸውም፤ ኳሱ ጎል አጠገብ ሲደርስ ማሽኑ የሚደርቀው ለዚህ ነው። ራማቸው ትንሽ፣ ፋናቸው በአቧራ የታፈነ፣ ፓወር ሰፕላያቸውም ባዶ ቆርቆሮ የሚያክል ቀላል ነበር። ይሄን ሁሉ በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍኩና ከአባቴ ሱቅ ፊት ለፊት ሬድዮ ወደሚጠግኑት ወደ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ይዤው ሄድኩ።

ሃምሳ አለቃ የድሮው ሠራዊት ሬድዮ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ሠራዊቱ ሲበተን ጓደኞቻቸው ወደየአገራቸው ሲገቡ እሳቸው ብየዳ ብረታቸውን ይዘው ነጌሌ ቀሩ። ደብተሬን መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው አነበቡና «ይሄ የሰላዮች ሪፖርት ነው» አሉ፤ ደስ ብሏቸው ነው። ቤታቸውም ባዶ ነበር፣ ሬድዮ የሚያስጠግን ሰው እያነሰ ሄዶ ነበርና የጌም ቤቱን ሐሳብ ወዲያው ተቀበሉት። ክርክራችን የተነሳው ዕቃ ስንመርጥ ነው። እኔ ከሁሉ በፊት ትልቁ ግራፊክስ ካርድ አልኩ፤ እሳቸው ከሁሉ በፊት ፓወር ሰፕላይ አሉ። «ልጄ፣ ጦር በስንቁ ነው። የነጌሌ መብራት ሲሄድ ሌባ፣ ሲመጣ ሽፍታ ነው፤ መጀመሪያ እሱን የሚችል ሆድ ግዢ፣ ዓይኑን በኋላ ታሳምሪዋለሽ።» ሁለት ሳምንት ስንጨቃጨቅ ከረምን። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፤ ፓወር ሰፕላዩ ጥሩ፣ ግራፊክስ ካርዱ መካከለኛ፣ ራሙ ከአስቻለው እጥፍ፣ ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ ያገለገለ፣ ሃርድ ዲስኩ የመጨረሻው ትንሹ፣ ስክሪኑ አንድ መሥሪያ ቤት አውጥቶ የጣለው አሮጌ፤ ኬዝ የሚባል ነገር ጭራሽ አይገዛም፤ ሃምሳ አለቃ ልብስ የሚያስቀምጡበት የጥይት ሳጥን አለ። ሁሉ ነገር ተጻፈ። የቀረው ብሩ ብቻ ነው፣ ብሩ ደግሞ ሊበን ላይ ሣር ይግጥ ነበር።

ይሄን ስናገር ዛሬም ፊቴ ይግላል። በዚያ ሰሞን ዝናብ መንገዱን ዘግቶት የዕቃ መኪና ዘግይቶ የአባቴ መደርደሪያ ግማሹ ባዶ ነበር። በገበያ ቀን አባቴ ለሶላት ሲወጣ አባ ጃርሶን የጨው ጆንያቸው ላይ ብቻቸውን አገኘኋቸው። «አባዬ ተቸግሯል» አልኳቸው፤ «ዳለቲ ትሸጥልን። ለማንም እንዳይነግሩ፣ ለእሱም እንዳያነሱበት፤ ያፍራል።» ባዶውን መደርደሪያ አዩ። እኔን አዩኝ። ቦረና ሰው የራሱን ከብት ሲጠይቅ ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ ወዳጅ ያፈረበትንም ገላልጦ አያይም። «ኢንታላ ቲያ፣ ልጄ፣ ጥጃዋ ትቅር? ሴት ናት» አሉኝ። ጥጃዋ ብትቀር ዘሩ ይቀር ነበር። እኔ ግን በልቤ ደመርኩት፤ የእናቲቱ ዋጋ ፓወር ሰፕላዩን፣ ራሙን፣ ማዘርቦርዱንና ሌላ ሌላውን ይሸፍናል፣ ግራፊክስ ካርዱ ግን ያለ ጥጃዋ አይገዛም። «ከነጥጃዋ» አልኩ። አባ ጃርሶ ራሳቸውን ነቀነቁና በሚቀጥለው ገበያ ብሩን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ጨርቁን በእጄ ላይ አስቀምጠው ጆንያቸው ላይ ተቀመጡ። ለሃምሳ አለቃ የአባ ጃርሶ ስጦታ ነው፣ ራሳቸው ሸጠው ሰጡኝ አልኳቸው፤ ግማሹ እውነት የሆነ ውሸት ከሙሉ ውሸት ይልቅ እንደሚያስተኛ ያኔ ነው የተማርኩት።

ሃምሳ አለቃ ደብተሬን በደረት ኪሳቸው ይዘው በጭነት መኪና አዲስ አበባ ሄዱ። ሲመለሱ ያወሩት ወሬ ለወር በቃን። ሻጩ አንድ ከባድ ፓወር ሰፕላይ አቅርቦላቸው «ክብደቱን ይዩ አባት፣ ይሄ ነው ጠንካራው» ሲላቸው፣ እሳቸው ደግሞ በበግ የተታለለ አገር ልጅ ናቸውና፣ ሆዱን ሳላይ አልገዛም ብለው ብሎኑን ፈቱት፤ ውስጡ እንዲከብድ ተብሎ የተለጠፈ የብረት ቁራጭ ተገኘ። «በግ ሊሸጥ ሲል ጨው አልሶ ውኃ የሚያጠጣ ገበያተኛ አውቃለሁ፤ ብረት የሚያበላ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ» ብለው ሱቁን በሳቅ ሞልተው፣ ያፈረው ሻጭ እውነተኛውን በጥሩ ዋጋ ሰጣቸው። የጥይት ሳጥኑን በምስማር በሳነው፤ አየር መግቢያው ላይ የእናቴን አሮጌ ነጠላ ቀደን ወጠርንበት፣ ቀዩ አቧራ እንዳይገባ። ማሽኑ መጀመሪያ ሲነሳ ፋኑ በሳጥኑ ውስጥ እንደ ንብ እምም ሲል ሃምሳ አለቃ ቆባቸውን አወለቁ፤ እኔ ግን ዓይኔ የነበረው በመንገዱ ማዶ ነው፤ አስቻለው ይሄን ሲያይ ምን ይል ይሆን ብዬ።

ለአባቴ ኮምፒውተሩ የሃምሳ አለቃ ነው፣ እኔ እማርበታለሁ ተባለ፤ ደስ አለው። በሩ ላይ በራሴ እጅ «እዚህ ቤት ሰው ሁሉ ይገባል፣ ከአንድ ሰው በቀር» ብዬ ጻፍኩ። ስም አልጻፍኩም፤ ማን እንደሆነ የማያውቅ የነጌሌ ልጅ አልነበረም። ሃምሳ አለቃ «ይሄ በር ነው ወይስ ግንባር?» ብለው ቢያጉረመርሙም አላጠፉትም። የእኛ አንድ ማሽን አይደርቅም፤ ኳሱ እንደ እውነተኛ ኳስ ይሮጣል፣ የተጫዋቾቹ ጥላ ሣሩ ላይ ይታያል። በሁለት ወር ውስጥ የአስቻለው ወንበሮች ባዶ ሆኑ፤ በራፉ ላይ ቆሞ፣ ጃኬቱን እንደለበሰ፣ የእኛን ተራ ጠባቂ ሲቆጥር አየዋለሁ። በየቀኑ ባየው አይሰለቸኝም ነበር።

ከዚያ ያ ቀትር መጣ። ጠዋቱን ጠፍቶ የነበረው መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ቆየና በአንድ ጊዜ አምፖሉን ሁሉ እስኪያፈነዳ ድረስ ተንቦገቦገ። የእኛ ማሽን ቀጭ ብሎ ራሱን አጠፋ፤ ሆዱ ጠንካራ ነዋ። ከማዶው ክፍል ግን ጭስ ወጣ፣ ሦስቱም በአንድ ላይ፣ ያ ሽታ በቀዩ አቧራ ላይ እየተንሳፈፈ እስከ እኛ በር መጣ። ሰው ሁሉ ውኃ ይዞ ሲሮጥ እኔ ባለሁበት ቆሜ ሽታውን ሳብኩት። እሰይ! አልኩ፣ በልቤ አይደለም፣ በአፌ። ሃምሳ አለቃ ዞር ብለው አዩኝ፤ አስተያየታቸውን አልወደድኩትም፣ ግን ግድ አልሰጠኝም።

በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ አስቻለው መጣ። ያለ ጃኬት። ያለ ጃኬቱ ቀጭን ልጅ ነበር ለካ፤ ከእኔ በስድስት ዓመት ቢበልጥ ነው። ከሕፃናቱ ኋላ ተሰለፈ፤ ጽሑፉን አንብቦታል፣ አንብቦም ተሰለፈ። ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት አስቆምኩት፤ ተራው ሲደርስ «ዘይነባ፣ እህቴ፣ አንድ ጨዋታ ብቻ» አለኝ። ወንበሩን ሳብኩለት። ተቀመጠ። ጎንበስ አልኩና ሶኬቱን ነቀልኩት፤ «ሂድ፣ ቤትህ ገብተህ ሽንኩርት ላጥ» አልኩት። ልጆቹ መንገዱን በሳቅ አናጉት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ለስንት ወር የጠበቅሁት አንገት ፊቴ ላይ ተደፋ፣ ተነሳ፣ ወጣ። በዓይኔ ልሸኘው ብዬ በሩ ላይ ስወጣ ነው የአባቴን ሱቅ ያየሁት።

ሱቁ ፊት ለፊት አምስት ጊደሮች ታስረዋል፤ የታሰሩበትም ገመድ አባቴ ራሱ የሸጠው ገመድ ነው። አባ ጃርሶ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል፣ ገበያተኛው ከቧቸዋል። ቦረና ከመሃሉ አንዱ ከብቱ አልቆበት ሲወድቅ ጎሳው ከየቤቱ አንድ አንድ አዋጥቶ መልሶ ያቆመዋል፤ ቡሳ ጎኖፋ ነው የሚሉት። ለጎሳ ነው እንጂ ለባዳ አይደለም፤ አባ ጃርሶ ግን ሸምሱ ተቸግሮ የልጁን እምብርት እስከ መሸጥ ደርሷል፣ ልጁ ሃንዱራ ያለው ሰው ደግሞ ባዳ አይደለም ብለው ለወራት ከመንደር መንደር ሲለምኑለት ከርመው ነበር። «ኦቦሌሳ ኪያ፣ ወንድሜ» አሉት አባቴን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ችግርህን ከልጅህ ሰማን። ለእሱ አታንሱበት ብላን ነበር፣ አላነሳንብህም። ግን ሰው ወድቆ እያዩ ዝም አይባልም። እንካ።»

አባቴ ጊደሮቹን አየ። አባ ጃርሶን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ በመንገዱ ማዶ በጽሑፌ ሥር የቆምኩትን እኔን አየ፤ ዓይን ለዓይን ተያየን፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «የምን ችግር?» ቢል በቃ፣ ያቺ አንድ ቃል በገበያ መሃል ውሸታም ታደርገኝ ነበር። አላላትም። ነጋዴ ተቸገርኩ ብሎ በሰው ፊት ከተናገረ ስሙ ወደቀ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዕቃ የሚያምነው የለም፤ አባቴ ይሄን ከማንም በላይ ያውቃል። ሚዛኑን አስቀመጠ፣ ያንኑ አንገት ደፋና «እውነት ነው፣ ተቸግሬ ነበር» አለ። «አሁን አልሐምዱሊላህ አልፎልኛል። እናንተን ግን አልረሳም፤ ጊደሮቹ ለሌላ ለተቸገረ ይድረሱ።» ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ፣ መረቁት፣ ጊደሮቹን ፈትተው ሄዱ። አባ ጃርሶ እንደ ወትሮው ጆንያው ላይ ተቀመጡ፤ ሁለቱም እስከ ማታ አልተነጋገሩም።

ሱቁ ሲዘጋ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ሁሉንም ነገርኩት፤ አስቻለውን፣ መሐላዬን፣ ጥጃዋን። «አንገትህን ስላስደፋህ ነው፣ ለአንተ ብዬ ነው» እያልኩ አለቀስኩ። አባቴ ቁልፉን በኪሱ ከተተና «ያ ልጅ የተናገረውን እኮ እኔ በማግስቱ ረስቼው ነበር» አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም፣ እስከሚሞት ድረስ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ የተወጋው አባቴ ረስቶት ኖሯል፣ ቁስሉን አቅፌ ስዞር የነበርኩት እኔ ነኝ። በዚያ ዓመት ጅምላ አከፋፋዮቹ ለአባቴ በእምነት ዕቃ መስጠት አቆሙ፤ መደርደሪያው የምር ባዶ ሆነ።

ዳለቲን ላስመልስ ሞከርኩ፤ ከነጥጃዋ መኪና ላይ ተጭና ሄዳለች፣ የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም። ማሽኑን ለሃምሳ አለቃ ተውኩላቸው፣ ሁለተኛም አልነካሁትም። ማሽኑ ሲያረጅ ሳጥኑን ላኩልኝ፤ ዛሬ እኔ ሱቅ ነው፣ የተራረፈ ጨርቅ እከትበታለሁ፣ ምስማር የበሳው ቀዳዳም እንዳለ ነው። አስቻለው ከነጌሌ ወጥቶ ሌላ ከተማ ስልክ ይሸጣል፣ ወፍሯል፣ ሴት ልጆች ወልዷል ይሉኛል። ተይው፣ ልጅ ነበር፣ ይቅር በይው ይሉኛል። አልልም! ያንን ሶኬት ዛሬም ቢሆን እነቅለዋለሁ፤ ላሜን ግን ለእሱ አልሸጥም ነበር።

ሐናን ስትወለድ አባ ጃርሶ በሕይወት ነበሩ፤ አርጅተው፣ ግን በገበያ ቀን ጆንያቸው ላይ። አባቴ ከነጌሌ ደውሎልኝ ስልኩን አቀበላቸው። «ኢንታላ ቲያ» ብለው ጀመሩ፤ ረጅም ምርቃት መረቁኝ፣ ሕፃኗን መረቁ፣ ወተት ይብዛላት፣ በሰላም ትደግ አሉ። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ የምትቀጥለዋን ቃል፣ ሃንዱራ የምትለዋን፣ ጠበቅሁ። ምርቃቱ አለቀ፣ ዝም አሉ፣ ስልኩን ለአባቴ መለሱለት። በዚያች ዝምታ ነው አባ ጃርሶ የአባቴን ውሸት አንድም ቀን አምነውት እንደማያውቁ የገባኝ።

ትናንት ሐናን ዝርዝሯን አስተካክላ መጣች፤ ፓወር ሰፕላዩ ከላይ፣ ግራፊክስ ካርዱ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ። ጎበዝ አልኳትና ብሩን ሰጠኋት። ልጄ ሦስት ፋን ያለው፣ ቀይና ሰማያዊ የሚበራ ኮምፒውተር ይኖራታል። ሊበን ውስጥ ግን የእሷ የምትባል አንዲት ጊደር የለቻትም።